ሰማንያ ቀን የደበቁኝ ሞት

እናቴ የሞተችው እኔ በወለድኩ በማግስቱ ነው። የሰማሁት ደግሞ ልጄ ክርስትና በተነሳች በማግስቱ። በመሀሉ ሰማንያ ቀን አለ። በእነዚያ ሰማንያ ቀናት ከእኔ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ባሌ ያውቃል። ወንድሜና እህቴ ያውቃሉ። የንስሐ አባቴ ያውቃሉ። ዓለም ገና ላይ ከቤታችን ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችረው ሴትዮ እንኳ ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት ልጄን ፀሐይ ሳሞቅ በሩቁ እያየችኝ ዓይኗን ታብስ ነበር፤ እኔ የመንገዱ አቧራ መስሎኝ።

ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው አሁን ምን እያለ እንደሆነ አውቃለሁ። «አራስ አይደለች እንዴ፣ ታዲያ ምን ያድርጉ?» እያለ ነው። አራስ መርዶ አይነገራትም። የታመመ አይነገረውም። ፈተና ላይ ያለ ተማሪ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ማንም አይነገረውም። እኛ ዘንድ ሞት ለማን መቼ እንደሚነገር ኮሚቴ ተቀምጦ ይወስናል። እኔም ብሆን እስኪደርስብኝ ድረስ ደግነት ይመስለኝ ነበር፤ ለሌላ ሰው ስደብቅም ተባብሬያለሁ። ስለዚህ አትፍረዱ አልልም። እስክጨርስ ድረስ ስሙኝ ብቻ ነው የምለው።

እናቴ የምትኖረው ተጂ ነበር፣ አባቴ ከሚያርሰው መሬት አጠገብ። ልታርሰኝ ልትመጣ የገንፎ ዱቄቷን አስፈጭታ፣ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ቀኔን ትጠብቅ ነበር። ባሌ ደውሎ ሴት ልጅ መወለዷን ሲነግራት በስልኩ ውስጥ ለወንድ የሚባለውን ያህል እልል አለችላት፤ አዋላጇ ሁሉ ሳቀች። «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አለች። በነጋታው ለመንገድ ስትዘገጃጅ ወደቀች። የደም ግፊት ነው አሉ። ስንት ሰዓት ላይ እንደወደቀች፣ ማን እንዳነሳት፣ ምን ብላ እንደሞተች ማወቅ የኔ ድርሻ አልነበረም። ለኔ የተመደበልኝ ገንፎ መብላት ነበር።

«እግሯን ወለም ብሏት ነው» አሉኝ። ወጌሻ አሽቷት፣ ለጥቂት ሳምንት እንዳትንቀሳቀሺ ብሏታል። ስልኳስ? ስልኳ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል። የአባቴስ? አባቴ ማሳ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም። አንድ ቀን ራሱ ደወለልኝና «እንዴት ነሽ ልጄ? ሕፃኗስ?» ካለ በኋላ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ዘጋው። አመንኩት። አንድ ገበሬ ሽማግሌ ስለ ኔትወርክ ይዋሻል ብዬ በምን ልጠርጥር?

እህቴ በአሥረኛው ቀን ከሱሉልታ መጣች። ከእኔ በአራት ዓመት ታንሳለች፤ አግብታ እዚያ ነው የምትኖረው። በኋላ እንደሰማሁት ጥቁሯን ታክሲ ውስጥ አውልቃ በፌስታል ጠቅልላ፣ ቀይ ሹራብ ደርባ ነው ቤቴ የገባችው። ፀጉሯ ከሥሩ ተቆርጧል። «ምነው?» ስላት «ፎረፎር አስቸግሮኝ ነው» አለችኝ። እኔ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ቁም ነገሬ ብዬ የሻምፑ ስም ነገርኳት። ስልኳ ላይ ጻፈችው። ከዚያ አንድ ጣሳ ቅቤ አወጣችና «እማዬ ልካልሽ ነው» አለችኝ። የእናቴ ቅቤ አነጣጠር በመንደሩ የታወቀ ነው። ቀመስኩትና «አይ የሷ እጅ! የትም ባገኘው አይጠፋኝም» ብዬ መሰከርኩ። እህቴ ሳቀች። ቅቤው ሰበታ ገበያ የተገዛ ነበር።

የእናቴ አርባ ሲወጣ ባሌ «ለሥራ ወሊሶ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎኝ ሄደ። ሰርቬየር ስለሆነ መውጣት መግባቱ አያስጠረጥርም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አቧራው ፈጀኝ» አለኝ። አስተኝቼ የዓይን ጠብታ ጨመርኩለት። እስከዛሬ ከሁሉ ይልቅ ይሄ ያናድደኛል። ዓይኑን ከፍቶ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየ፣ ጠብታዬን ተቀበለ።

ክርስትናው ቀን ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጣለ። ጨፈርኩ። ከወለድኩ በኋላ ወገቤ የተፈታልኝ ያን ቀን ነበር፤ ትከሻዬን እስኪያመኝ ሰበቅኩ። ያጨበጭቡልኝ ነበር። ፎቶው አለ። ልጄን ታቅፌ መሀል ላይ ቆሜያለሁ፣ ሰው ከብቦኛል፣ ሁሉም ፈገግ ብሏል። ከእኔና ከልጄ በቀር ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮቴ ሰማሁ። ብዙ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ሲመጣ የሚሰማው ኮቴ ሌላ ነው። በሩን ስከፍት ትናንት ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ከፊት ናቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በርቺ» አሉኝ። «እናትሽ አርፋለች።»

«መቼ?» አልኳቸው።

አጎቴ ዞር ብለው ባሌን አዩት። «ቆየች» አሉ።

ቆየች! ሰው እናቱ መሞቷን በሰማበት ደቂቃ ውስጥ ቆየች ይባላል? ለእነሱ ግን እውነት ነው። አልቅሰው ጨርሰዋል። አርባዋን አውጥተው፣ የተላጨው ፀጉራቸው እንኳ አድጓል። ለኔ ሲሉ እንደ አዲስ ሊያለቅሱ ሞከሩ፣ አልመጣላቸውም። ረፋዱ ላይ ስለ መብራት መቆራረጥ ያወሩ ነበር። እኔም አላለቀስኩም። የሚለቀስበት ሰዓት ያለፈብኝ መሰለኝ። ተነስቼ የልጄን ጡጦ ማጠብ ጀመርኩ። አክስቴ ተከትላኝ መጣችና «አየሽ፣ ስትጠነክሪ መንገራችን እንዴት ጥሩ እንደሆነ!» አለችኝ። ጡጦውን ግንባሯ ላይ አለመወርወሬ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ሰው ማመን አቃተኝ። ጠዋት በር ሲንኳኳ ልጄን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። አባቴ ዘንድ በቀን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ። ወንድሜ ካነሳው «እሱን ስጠኝ፣ ድምፁን ልስማ» እላለሁ፤ ድምፁን ሰምቼም ቀድመው የቀረጹት ይመስለኛል። ባሌ ለሥራ ሲወጣ ያለበትን ቦታ ፎቶ አንስቶ ካልላከ አልበላም። ሰው ደግ ሲሆንልኝ እደነግጣለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ሙዝ ይዛልኝ መጣች፤ «ማን ሞቶ ነው?» ብዬ አፈጠጥኩባት። ሙዙን ጥላ ሄደች።

ከሁሉም በላይ ግን የጠላሁት ራሴን ነው። እናቷ አፈር ለብሳ ሳለ ቅቤ እየቀመሰች የምትመሰክረውን፣ ትከሻዋን የምትሰብቀውን ሴትዮ ማየት አስጠላኝ። መስታወት ፊት ስቆም እሷ ናት የምትታየኝ። ጸበል ወሰዱኝ። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ውኃው ገላዬን ሲመታኝ ለጊዜውም ቢሆን ቀለል ይለኝ ነበር። ያቃጠለኝ ከጸበል መልስ ሁሉም በየተራ «ይቅር በያቸው፣ ላንቺ ብለው ነው» ማለታቸው ነው። በሰማንያ ቀኑ ውስጥ አንድም ሰው ምን እንደምፈልግ አልጠየቀኝም። ይቅርታውን ግን ሁሉም ይጠይቁኛል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ መድኃኒት ቤታችን መጣ። እናቱን በር ላይ ካለው ወንበር አስቀምጧቸዋል። የመድኃኒት ማዘዣውን ሰጠኝና ዝቅ ብሎ «እባክሽ እህቴ፣ ከጠየቀችሽ የጨጓራ ነው በያት» አለኝ። ማዘዣውን አየሁት። የጨጓራ አልነበረም። በምንም ዓይነት የጨጓራ አልነበረም።

«እናትህ ናቸው ወይስ አሻንጉሊትህ?» አልኩት። ድምፄ እየጨመረ ሄደ። «የሚሞቱት እሳቸው ናቸው! የራሳቸውን ሞት እንኳ ልትሰርቃቸው ነው?» ሰው ዞሮ አየኝ። ልጁ አንገቱን ደፋ። አሮጊቷ ከወንበራቸው ቀና ብለው «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት አለቃዬ ክንዴን ይዛ ወደ ዕቃ ክፍሉ ጎተተችኝ። ፋርማሲስት ናት፤ ቁጡ ሴት ናት፤ ዛሬ አባረረችኝ ብዬ ቆሜ ጠበቅኳት። እሷ ግን ወረቀት ቀድዳ ስልክ ቁጥር ጻፈችልኝ። «ቡራዩ ነው፤ አማካሪ ናት። ሰበታም አይጠፋም፣ ግን እዚያ ስትገቢ ካዩሽ ማታውኑ መንደሩ ያወራል» አለችኝ። «ካልሄድሽ ደግሞ ነገ እዚህ እንዳትመጪ።»

ሦስት ታክሲ ቀይሬ ቡራዩ ሄድኩ። ክፍሏ አንድ ክሊኒክ ፎቅ ላይ ናት፤ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ከመስኮቱ ሥር ቀኑን ሙሉ የሚቀጠቅጥ ጋራዥ። በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ገና ሳልቀመጥ «ምክር ልትሰጪኝ ከሆነ ጠግቤያለሁ» አልኳት።

«እኔም የለኝም» አለችኝ።

ያን ሰዓት ሙሉ ጮህኩባት። ተረጋጊ አላለችኝም። በመጨረሻ «ከማን ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ባሌን፣ እህቴን፣ ወንድሜን፣ አጎቴን፣ አክስቴን፣ የንስሐ አባቴን፣ ሽንኩርት ሻጯን ጠራሁላት። «አንድ ሰው ቀረሽ» አለችኝ። ማን እንደቀረኝ ስለገባኝ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ዳግመኛ አልመጣም ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጣሁ።

አንድ ቀን ስለ ክርስትናው ቀን አስወራችኝና «ያቺ የምትጨፍረው ሴትዮ ምን ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ለምን ነበር የጨፈረችው?»

«ልጅ ወልዳ ነዋ።»

«ታዲያ ምን አጠፋች?»

 ታች ጋራዡ ይቀጠቅጣል። ለዚች ነው እንዴ ሦስት ታክሲ የቀያየርኩት ብዬ ተናደድኩ። የምትለው ለሕፃን የሚገባ ነገር ነው። ግን ይህቺን ለሕፃን የምትገባ ነገር ለመቀበል ብዙ ወራት ፈጀብኝ። ያቺ ሴትዮ አላታለለችም፣ ተታለለች። ተደስታ ነበር፣ ደስታዋም እውነት ነበር። አሁን መስታወት ሳይ እሷን ካየሁ አልሸሽም። አዝንላታለሁ። አንዳንዴ ትንሽ እወዳታለሁም።

ሌላም ነገር አደረገችኝ። ደብተር ግዢ አለችኝ። የሰማንያውን ቀን እያንዳንዱን ዕለት በአንድ በኩል ምን እንደተነገረኝ፣ በሌላው በኩል እውነቱ ምን እንደነበር ልጽፍ ነው። እውነቱን ከሚያውቁት ጠይቄ። ባሌን ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጬ እንደ መርማሪ ጠየቅኩት። አርባዋ ዕለት ምን አደረግህ? ማን ማን ነበር? ዓይንህ የቀላው ከምን ነው? መጀመሪያ «ምን ያደርግልሻል?» እያለ አኮረፈ። በኋላ ይነግረኝ ጀመር። አንድ ጊዜ አብሮኝ ቡራዩ ድረስ መጥቶ፣ ግማሹን ሰዓት አለቀሰ። አላባበልኩትም። «ይቅርታ እዚህ ክፍል ውስጥ ግዴታ አይደለም» ብላኛለች አማካሪዋ፤ ይህን ስትለኝ ስንት ዓመት የታፈነ ትንፋሼ ነው የወጣው። በር ሲንኳኳ ምን እንደማደርግም አስተማረችኝ። እግሬን መሬት ላይ አደላድላለሁ፣ በዓይኔ ያየሁትን አምስት ዕቃ በስሙ እጠራለሁ፣ ከዚያ እከፍታለሁ። ምጣድ፣ ባልዲ፣ ጫማ እያሉ በር መክፈት ያስቃል። ይሠራል ግን።

እህቴ ብቻ እምቢ አለች። ስለ እናታችን በጠየቅኳት ቁጥር «ያለፈውን አትቆስቁሺብኝ» ብላ ስልኩን ትዘጋለች። ተኳረፍን።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወንድሜ ደወለ። «አባዬ ሌሊት አረፈ» አለኝ። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።» ለኔ ወዲያው የነገሩኝ ተምረው እንዳይመስላችሁ፤ ፈርተውኝ ነው። ገና ቁጭ ሳልል አጎቴ ስልኩን ተቀበሉት። እህቴ ስምንት ወሯ ነው፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል።

«አንቺ ሱሉልታ ሂጂ» አሉኝ። «ባሏ ያውቃል፣ ስልኳን ወስዶባታል። አጠገቧ ሁኚ፣ ሰው እንዳታስጠጊባት። በደህና ትገላገልና እንነግራታለን። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ታውቂበታለሽ! ሰማንያ ቀን የተማርኩበትን ትምህርት ቤት አስታውሰው ሹመት ሰጡኝ። የእናቴን ቀብር ነጥቀውኛል፤ የአባቴን ደግሞ ዘበኛ አድርገውኝ ሊያሳልፉኝ ነው። የሥራ ጫማዬን አጠለቅኩ። ባሌ ልጃችንን ታቅፎ «ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እኔ አሁን ቢሆን እነግርሽ ነበር» አለኝ። «አሁንማ!» ብዬ በሩን በኃይል ዘጋሁት።

ታክሲ ውስጥ ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልናገር። መጀመሪያ ያሰብኩት ዝም ማለትን ነው። ቀይ ሹራብ ቀይሬ ልግባ፣ እሷም ትቅመሰው። ሳቄን ታይና ዕድሜ ልኳን ትቃጠልበት። ቀጥሎ ደግሞ ልነግራት አሰብኩ፣ ግን ለሷ ብዬ አልነበረም። አጎቴ ፊታቸው ሲጠቁር ለማየት ነው። አዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አማካሪዋ ጋ ደወልኩ።

«የምትነግሪያት ለሷ ነው ወይስ እነሱን ለመቅጣት?» አለችኝ።

«እኔ ራሴ አላውቅም!»

«እስክትደርሺ አስቢበት። የምትነግሪያት ከሆነ ተቀምጣ ትስማ፣ ብቻዋን አትሁን፣ ሐኪም ቤት የሚወስድ መኪና ዝግጁ ይሁን። ነገሩን በግልጽ ንገሪያት። ከዚያ ምን እንደምትፈልግ ጠይቂያት፤ አትወስኚላት።»

ንገሪ አላለችኝም፣ አትንገሪም አላለችኝም። ሰልፉ ላይ ቆሜ ረገምኳት።

እህቴ ሱሉልታ ቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጥፍ ነበር። ባሏ የሥራ ቀን ሆኖ ሳለ ቤት ውሏል፤ ያልተበላሸ ቧንቧ ይፈታል። ስታየኝ መጀመሪያ ደስ አላት። ከዚያ የሥራ ጫማዬን አየች፣ ባሏን አየች፣ ባዶ እጄን አየች። እጇ ላይ ያለው ልብስ ወደቀ።

«ማን ነው?» አለችኝ።

ወዲያው ነው የገባት። ይህን ሥራ ራሷ ሠርታዋለችና እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች።

«ማን ነው? ንገሪኝ። እኔን እንዳታታልዪኝ!»

እኔን እንዳታታልዪኝ! እሷ! ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። አፌ ላይ የመጣው ስድብ እዚህ አይጻፍም። ባሏ ከኋላዋ ሆኖ በሁለት እጁ «አይሆንም፣ አይሆንም» እያለ ይለምነኛል። እህቴ ሆዷን ደግፋ ታየኛለች፤ ፍርሃቷ ፊቷ ላይ አለ። እኔ ላይ ይህን ፍርሃት ያየ አልነበረም፣ ምክንያቱም እኔ መጠርጠር እንኳ አላወቅኩም ነበር። እሷ ግን ጠርጥራለች። ዛሬ ዝም ብላት ቀኑን ሙሉ፣ ወሩን ሙሉ በዚህ ፊት ነው የምትኖረው። ያኔ ነው ለማን ብዬ እንደምነግራት የለየልኝ።

«ተቀመጪ» አልኳት። እጇን ያዝኩ። «አባዬ ሞቷል። ሌሊት ነው። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን አራት ከሩብ ነው።»

የጮኸችው ጩኸት ከጆሮዬ አይወጣም። ሆዷን ይዛ ተጣጠፈች። ባሏ «አንቺ ሴትዮ ገደልሽኝ!» ብሎ መፍቻውን ወረወረ። እኔ ደግሞ ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ልጁ ቢወርድስ? አቅፌያት መሬት ላይ ተቀመጥን። እስክትደክም አለቀሰች። ቀና ስትል «ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። እኔን ማንም ያልጠየቀኝን ነው የጠየቅኳት።

«ልቅበረው» አለችኝ።

መጀመሪያ ሰፈሯ ያለው ክሊኒክ ወሰድናት። ግፊቷን ለኩ፣ የሕፃኑን የልብ ምት አዳመጡ። አዋላጇ «ደህና ናት፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ካመማት ግን ወዲያው ወደ ሆስፒታል» አለች። ኮንትራት መኪና ያዝን። ባሏ ከፊት ተቀምጦ እስከ ሰበታ አላናገረኝም። እህቴ ትከሻዬ ላይ ተኝታ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ «እንደርሳለን?» ትላለች። ተጂ ስንገባ አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ነበር።

አጎቴ ሲያዩን ከሕዝቡ መሀል ወጥተው መጡ። «ማን ነገራት?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አንቺ አረመኔ! ልጁ ቢወርድ ማን ሊጠየቅ ነው?» ብለው ክንዴን ጨመደዱኝ።

ልመልስላቸው ስል እህቴ ቀደመችኝ። «አያ፣ ይልቀቋት» አለቻቸው። ድምፅዋ ደክሟል። «አባቴ ነው። ላልቅስበት።»

ለቀቁኝ። እህቴ አጠገቡ ሄዳ፣ በስሙ እየጠራች፣ በገዛ አፏ ያሻትን ብላ አለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ።

ልጇ ከወር በኋላ በደህና ተወለደ። አጎቴ እስከዛሬ አያናግሩኝም፤ በሰው በኩል «ያተረፋት እግዜር ነው» ብለው ላኩብኝ። ይሆናል። ልጁ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴ ላይ ያንጠለጥሉት ነበር፤ እኔም ራሴን ይቅር የምል አይመስለኝም። ይህን እያወቅኩ ነው የነገርኳት። እነሱ ለኔ ሲወስኑ ግን ምን ያጡ ነበር? ዋጋውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልለምነውም። ከእንግዲህ ግን ቤቱን የምመራው እኔ ነኝ እንጂ ንዴቴ አይደለም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ወደ ድንኳን ሲሄድ እህቴ እግሯ ዝሎ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የእናታችን መቃብር ከአባቴ አጠገብ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቅኳትም።

«እዚያ ጋ ነበርኩ» አለችኝ በድንገት፣ ወደ ዛፉ እያሳየችኝ። «እማዬ ስትቀበር። ያ ዛፍ ሥር። ዝናብ ነበር፣ ጭቃው አላስቆም ብሎን። ወንድማችን ወድቆ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኖ...» ቆመች። «ልቀጥል?»

«ቀጥዪ።»

«አባዬ አላለቀሰም። ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ፣ አፈሩ ሲመለስ፣ ወደኔ ጎንበስ አለና «ልጄ ዛሬ ምን በላች?» አለኝ። ስላንቺ ነው። «ገንፎዋን በልታለች ወይ?» አለኝ።»

ሦስት ዓመት ለእናቴ ያልመጣው ለቅሶ ያኔ መጣ። እህቴ አላባበለችኝም። ሆዷን ደግፋ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ማን ገላዋን እንዳጠበ፣ ማን እንደተሸከማት፣ ቄሱ ምን እንዳሉ፣ ጉድጓዱ ስንት ሰዓት እንደተደፈነ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። እናቴን የቀበርኩት በአባቴ ቀብር ቀን ነው።